ቀይ የሌለበት ሳምንት

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

የዛሬው ጠመኔ ገና ሲነኩት ይፈረፈራል። ግማሹ ሰሌዳው ላይ፣ ግማሹ ቀሚሴ ላይ። ሃምሳ ሁለት ልጅ በአሥራ ሰባት ዴስክ። ሦስተኛ ክፍል ማለት ይሄው ነው... የተለመደ ሰኞ።

ምሳ ሰዓት ላይ መነጽሬን ረስቼ ወደ ክፍል ተመለስኩ። ባልመለስ ይሻለኝ ነበር። የፊት ዴስክ ላይ ያለው ልጅ ምሳው ቺፕስ። ከጎኑ ያለችው ብስኩትና ቀይ ጭማቂ፣ ያ ምላስ የሚያቀላው። ከኋላ ደግሞ አንዱ ከረሜላ ሰባብሮ ዳቦ ውስጥ ከትቶ ይበላል። ከረሜላ በዳቦ! የስምንት ዓመት ልጅ ጥርሱ ጠቁሮ... ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዓይኑ ፈዞ፣ አፉ ተከፍቶ፣ ስድስት ሲደመር ሁለት ስንት ነው ስትለው ጣሪያ የሚያይ። እኛም ካርዱ ላይ «ትኩረት ይጎድለዋል» ብለን እንጽፋለን። ምን ይጎድለዋል? ምሳ ነዋ የሚጎድለው!

መምህራን ማረፊያ ገብቼ ጮህኩ። ሻይ የሚጠጡት ሻያቸውን ጠጡ። ዳይሬክተሩ ግን ጆሮውን አቆመ። ለካ «ጤናማ ምሳ ለተማሪዎች» የሚል ደብዳቤ ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ መጥቶለት ማን ላይ እንደሚጥለው ሲያስብ ከርሟል። አንቺው ያዢው አለኝ። በአንቺ ክፍል ይጀመርና ካማረ ለሁሉም እናደርገዋለን።

እይዛለሁ። ምን እንዳይመጣ!

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ሰንጠረዡ አለቀ። ባለቤቴ የፍሪጅ ካርቶን አመጣልኝ፤ ፍሪጅ ጠጋኝ ማግባት ለዚህ ይጠቅማል። ሳሎን ወለል ላይ ተንበርክኬ አሰመርኩት። ወደ ታች ሃምሳ ሁለት ስም፣ ወደ ጎን ቀናቱ። ፍራፍሬ፣ አትክልት፣ እንቁላል፣ ጥራጥሬ ላመጣ አረንጓዴ ኮከብ። ለጣፋጭ፣ ለቺፕስ፣ ለባዶ ነጭ ዳቦ ቀይ ኮከብ። ጠዋት ከሰልፍ በኋላ ሁሉም ምሳ ዕቃውን ከፍቶ ዴስኩ ላይ ያስቀምጣል፣ እኔ እየዞርኩ አያለሁ፣ እለጥፋለሁ።

አንድ ነገር አስጨነቀኝ። ምንም ይዞ ያልመጣስ? ቤቱ ምንም የሌለውን ልጅ ከየትም አምጣ ይባላል? ስለዚህ አንድ ሕግ ጨመርኩ። ባዶ ምሳ ዕቃ ላይ ምንም አይለጠፍም። ቦታው ነጭ ሆኖ ይቀራል። በቤቱ ችግር ቀይ የሚለጠፍበት ልጅ አይኖርም።

ዳይሬክተሩ አንብቦ አንጀተ ርኅሩኅ ነሽ አለኝ። ልዋሽ አልችልም፣ ለራሴ ነው የምጽፈው... ደስ አለኝ። በራሴ ኮራሁ።

ባለቤቴ ደግሞ ካርቶኑን ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ ነገ የኔን ኪስ መፈተሽ ትጀምሪያለሽ አለ። እጀምራለሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

የመጀመሪያው ቀን። አረንጓዴ ዘጠኝ። ቀይ ሠላሳ ስድስት። ነጭ ሰባት።

ሠላሳ ስድስት! ደሜ ፈላ። እነዚህ ወላጆች ዓይን የላቸውም? ልጁ ሥጋው ነው፣ ደሙ ነው፣ እንዴት የብስኩት ፓኬት ጭኖ ይልከዋል?

መስኮቱ አጠገብ የምትቀመጥ ልጅ አለች። ልጆቹ ሚጢጢ ይሏታል፣ ከሁሉም ታንሳለች። ስታነብ ድምፅዋ ከአፍንጫዋ አያልፍም። ምሳ ዕቃዋን ሳየው ነጭ ዳቦ፣ መሐሉ ላይ ስኳር የተነሰነሰበት። ሌላ ምንም የለም። ዳቦውን አንስቼ ለክፍሉ አሳየሁ።

«ይሄ ምሳ ነው?»

«አይደለም!» አለ ሃምሳ ልጅ ባንድ ድምፅ። ከዚያ ሳቁ። እሷ ክዳኑን በሁለት እጇ ይዛ መሬት መሬቱን ታይ ነበር።

ትንሽ ከበደኝ... ግን ለትምህርት ነው። ካላዩት እንዴት ይማራሉ? ለእናትየዋም ወሬው ይደርሳታል። ስኳር በዳቦ! ለገዛ ልጇ!

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ሚጢጢ ዛሬም ስኳር በዳቦ። ዛሬም ቀይ። ምን አይነት እናት ናት ያለቻት?

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

ይሠራል! ቀዩ ከሠላሳ ስድስት ወደ አሥራ ዘጠኝ ወረደ። በአምስት ቀን!

ሁለት ወላጅ መጥተው ነበር። አንዱ አባት እጄን ይዞ አመሰገነኝ፣ ልጄ ካሮት ግዛልኝ ብሎ አለቀሰብኝ አለ። አንዷ እናት ደግሞ የቤቴን ድስት ማን ክፈቺ አለሽ ብላ ዓይኗን አጉረጠረጠችብኝ። ይበላት። ድስትሽን አልከፈትኩም፣ የልጅሽን ከረሜላ ነው ያየሁት አልኳት። መልሱ ከአፌ ሲወጣ እንዴት ደስ እንዳለኝ...

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ዛሬ አንጀቴን ያሳረረኝ ሌላ ነው።

ጠዋት በኔ ፊት አረንጓዴ ኮከብ የተለጠፈለት ልጅ በእረፍት ሰዓት ግቢያችን ውስጥ ካለችው ሱቅ ቀይ ጭማቂ ሲገዛ አየሁት። ግቢያችን ውስጥ! ሰንጠረዤ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሃያ እርምጃ አይሆንም። ከላይ እስከ ታች ከረሜላ፣ ቺፕስ፣ ለስላሳ። አንዲት ሙዝ እንኳ የለችም።

ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። ሱቋ ትዘጋ፣ ካልሆነም ሙዝ ትሽጥ አልኩ። «እሱ ሌላ ጉዳይ ነው» አለኝ። እንዴት ነው ሌላ የሚሆነው? አንድ ልጅ ሁለት ሆድ አለው? ጠዋት የትምህርት ቤት ሆድ፣ በእረፍት የሱቅ ሆድ? አንቺ በክፍልሽ ላይ አተኩሪ አለኝ። ስብሰባ አለብኝ ብሎ ተነሳ። የምን ስብሰባ... ሻይ ሊጠጣ ነው የሄደው፣ አይቼዋለሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 29

ጉድ ነው።

ሰሞኑን አረንጓዴው በዛ፣ በዛ፣ ደስ አለኝ ስል... ዛሬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንድ ብርቱካን አየሁ፤ ጎኑ ላይ አውራ ጣት የሚያህል ጥቁር ነገር አለበት። ለጠፍኩ፣ አለፍኩ። አራተኛው ረድፍ ላይ ሌላ ብርቱካን። ጎኑ ላይ ያው ጥቁር ነገር። አምስተኛው ረድፍ ላይም። ዞር ስል በዴስኩ ሥር ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ያዝኩት።

አንድ ብርቱካን፣ ዘጠኝ አረንጓዴ።

የማን ነው? የማን ነው አልኩ! መነጽር የሚያደርገው፣ ፕሮፌሰር የምንለው ልጅ እጁን አወጣ። ከሰኞ ጀምሮ የሱው ነው። አበድሬያቸው ነው እንጂ አልሰረቁኝም ይላል፣ ጓደኞቹን ለማዳን። ታዲያ ለምን አልበላኸውም አልኩት። በጣም ተገርሞ አየኝ።

«ቲቸር፣ ይሄ እኮ የሚበላ አይደለም። የፍተሻ ነው።»

ክፍሉን ሙሉ ተቆጣሁ። ውሸታሞች፣ አታላዮች፣ ገና በዚህ ዕድሜያችሁ አልኩ። ቤት ገብቼ ስነግረው ባለቤቴ ሳቀ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔን አላሳቀኝም። ሳምንቱን ሙሉ እየዞርኩ አንዲት ብርቱካን ሳደንቅ ከረምኩ ማለት እኮ ነው! ...እሺ፣ ኋላ ላይ እኔም ትንሽ ሳቅሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 2

አዲስ ሥርዓት። ፍራፍሬው ላይ ሁሉ የባለቤቱን ስም በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። ብርቱካን ማበደር ቀረ። አጥብቄ ያዝኩት። እንተያያለን!

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

በር ላይ አንዲት ሴት ቆማ ጠበቀችኝ። የሚጢጢ እናት ናት። ሆቴል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች፣ እጇ በሳሙና ተልጧል። እጅ ነሳችኝ። ስለ ልጄ ምሳ እግዜር ይስጥልኝ መምህርት፣ ትልቅ ነገር ነው ያደረጋችሁልን አለች። ከሥራዋ ለአፍታ አስፈቅዳ ነው የመጣችው፣ ሮጣ ተመለሰች።

ተመልከት እንግዲህ። ያቺ ስኳር የምትነሰንስ እናት ገብቷታል። ቀዩ ኮከብ ሠርቷል። ቀኑን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ሳምንቱን ሙሉ አንድም ቀይ የለም። አንድም! ዳይሬክተሩ ሰልፍ ላይ በድምፅ ማጉያ ተናገረ፣ ተጨበጨበ። የመጪው ዓርብ የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች መጥተው ሊያዩት ነው። ሞዴል ክፍል አለን።

ቀዩ የጠፋውን ያህል ግን አረንጓዴው አልጨመረም... ነጩ ነው ትንሽ የበዛው። አንዳንዴ ቤት ይጎድላል፣ ያለ ነው። ዋናው ቀዩ መጥፋቱ።

ሚጢጢ ከሰዓት በኋላ ዴስኩ ላይ ተኝታ ያዝኳት። በጊዜ ተኚ ብዬ ተቆጣኋት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ዛሬን መጻፍ አልፈልግም። ግን መጻፍ አለብኝ።

ስምንት ሰዓት ላይ ስፖርት ነበር። ሁለት ዙር ሮጡ። በሦስተኛው ሚጢጢ ቆመች፣ ዞር ብላ እኔን የፈለገች መሰለኝ፣ ከዚያ እጥፍ ብላ ወደቀች። ዘበኛው ነው አንስቶ ያመጣት። ከንፈሯ ነጭ። ስኳር በውሃ በጥብጬ በማንኪያ አጠጣኋት። ስኳር! በገዛ እጄ...

ትንሽ ስትነቃ ምሳሽን በልተሻል ወይ አልኳት። ፊቷን አዞረች። የሚበላ ነገር ልስጣት ብዬ ቦርሳዋን ከፈትኩ። ምሳ ዕቃዋ አለ። ታጥቧል፣ ደርቋል፣ ክዳኑ ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ውስጡ ምንም የለም። ፍርፋሪ እንኳ።

«እናትሽ ምሳ አልቋጠረችልሽም?»

«አይ... እኔ ነኝ አትቋጥሪ ያልኳት።»

«ለምን?»

ሊገባኝ አለመቻሉ የገረማት ይመስል ቀስ ብላ አስረዳችኝ።

«ባዶ ከሆነ ቀይ የለውም።»

ዘበኛው አጠገቤ ቆሟል። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ሰንጠረዡ ጋ ሄድኩ። ስሟን አገኘሁ። ቀይ፣ ቀይ። ከዚያ ነጭ። ነጭ። ነጭ። አሥራ አምስት ቀን። አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ይቺ ልጅ ምሳ አልበላችም፣ እኔም በየቀኑ ፊቷ ቆሜ ባዶ ምሳ ዕቃ እያየሁ አልፌያለሁ። እናቷ አጥታ ነው ብዬ። ጎሽ አንጀተ ርኅሩኋ!

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ዛሬ ፍተሻ የለም አልኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ማረፊያ ክፍል አልሄድኩም፣ እዚያው ተቀመጥኩ። ለካ እኛ መምህራን አንድም ቀን ሲበሉ አይተን አናውቅም። ጠዋት ከፍተን እናያለን፣ ቀትር ላይ ዘግተንባቸው እንሄዳለን።

አሥራ ሦስት ልጅ ምሳ ዕቃውን አልከፈተም። ሚጢጢ አልመጣችም፣ እሷ አሥራ አራተኛ ትሆን ነበር። መጀመሪያ ቀን ነጭ ሰባት ነበር። ሰባቱ ቤታቸው ምንም የሌላቸው ናቸው እንበል። የቀሩትን ሰባት ማን ጨመራቸው? እኔ!

እናቷ በአራት ሰዓት መጥታ ነበር። ከሥራዋ ጠፍታ። ልጅቷ ምን ብላ እንደነገረቻት የሰማሁት ያኔ ነው። ትምህርት ቤት ምሳ ያበላናል፣ አትቋጥሪልኝ። እናትየዋም አመነች። ደስ አላት። ለዚያ ነው በር ላይ ቆማ ያመሰገነችኝ። ...ያንን ቀን ደረቴን ነፍቼ የዋልኩትን...

«መምህርት፣ ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ነው የምወጣው» አለችኝ። «እሳት ለማንደድ ጊዜ የለኝም። ዳቦውን ሳየው ደረቅ ነው፣ በደረቁ ልጄ እንዴት ትዋጠው ብዬ ነው ስኳሩን ያደረግሁት። ጣፋጭ ላብላት ብዬ አይደለም።»

ምን ይባላል? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ለዳይሬክተሩ ሁሉንም ነገርኩት። አዳመጠኝ። እስክሪብቶውን አዞረ፣ አዞረ። ከዚያ እንዲህ ቢባልስ አለ፦ ልጅቷ ቁርስ ሳትበላ መጥታ ነው የወደቀችው። እንግዶቹ ነገ መጥተው ይመለሱ፣ ከዚያ በጸጥታ ሕጉን እናስተካክላለን። ለሌሎች ክፍሎች የሚሆነው ካርቶን ሁሉ ተገዝቷል...

ካርቶን! ልጅ ወድቃለች እላለሁ፣ ካርቶን ይለኛል!

ጮህኩ። ድምፄ ኮሪደር ድረስ ተሰምቷል አሉ። ሱቋን በግቢህ አስቀምጠህ፣ የድሃ ዳቦ ስታስፈትሸኝ ከርመህ፣ አሁን ደግሞ ዋሺ ትለኛለህ አልኩት። እሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«ሕጉን የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ዳቦዋን ለክፍሉ ያነሳሁት እኔ አይደለሁም።»

ልጆቹ ወሬውን አዳርሰውታል ማለት ነው። ልክ ነው። በእርሱ መናደዴን አልተውኩም፣ ግን ይሄኛው ልክ ነው። እየሄድኩ እጄን አየሁት፣ ያንን ዳቦ ያነሳውን።

ባለቤቴ ዛሬ አልቀለደም። ሰሃን አጥቦ ሻይ አፈላልኝ፣ ምን ልትይ ነው ነገ አለኝ። አላውቅም አልኩት። ታውቂያለሽ አለኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

መጡ። አንዲት ሴት ከነፋይሏ፣ አንድ ወንድ ከነካሜራው። ዳይሬክተሩ ክራቫት አድርጓል። ሰንጠረዡ ዙሪያ ሪባን ተለጥፏል፣ ማን እንደለጠፈው አላውቅም።

ዳይሬክተሩ ልጆቹ ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው ያሳዩ አለ። አይከፍቱም አልኩ። ማንም አይከፍትም። ሴትየዋ የተባለው እንዳልገባኝ ቆጥራ ፈገግ አለችና፣ በአራት ሳምንት ቀይን ማጥፋት ትልቅ ውጤት ነው፣ እንዴት አደረግሽው አለችኝ።

ልጆቹ ወደ ሜዳ ይውጡ አልኩ። ወጡ። ከዚያ በጣቴ አሳየኋት። «ቀዩን ትተው ነጩን ይቁጠሩት። ነጩ ያልበላ ልጅ ነው። ቀይ እንዳይለጠፍበት ምሳውን ቤት ትቶ የመጣ ልጅ ነው። እዚህ ጋ አሥራ አምስት ነጭ ያላት ልጅ ማክሰኞ ሜዳ ላይ ወድቃለች። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

ካሜራው ዝቅ አለ። የዳይሬክተሩ ጆሮ ቀላ። ሴትየዋ ሰንጠረዡን አየች፣ ፋይሏን አየች፣ እንደገና ሰንጠረዡን አየች። ምን ያለች ይመስልሃል? ሪፖርቱ ላይ ነጭ የሚሞላበት ቦታ የለም አለች። አረንጓዴና ቀይ ብቻ ነው ያለው። እና... ሌላ የምናየው ክፍል አለ?

በእንጀራዬ መጣብኝ እንጂ ያንን ፋይል ተቀብዬ በመስኮት ብወረውረው ነበር ደስታዬ።

ሲወጡ ሪባኑን ከነካርቶኑ ገነጠልኩት።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። «በእንግዶች ፊት የተቋሙን ገጽታ ማበላሸት»። ገጽታ! የልጅቷ ከንፈር ነጭ ሲሆን ገጽታ አልነበረም?

ባለቤቴ በፍሬም እንስቀለው አለ። ከሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።

ሚጢጢ ዛሬም አልመጣችም። አራተኛ ቀኗ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ከሥራ በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። አንድ ክፍል ናት። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ በገመድ ላይ የተሰጣ ዩኒፎርም፣ ዩኒፎርሙ በደንብ ተተኩሷል። ልጅቷ ስታየኝ ከአልጋው ጀርባ ገባች። እናትየዋ ወንበር ሰጠችኝ፣ ራሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የወሰድኩትን ሙዝና ብርቱካን ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። አላየችውም።

ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት አልኳት። ልመናዬን ሁሉ ጨረስኩ፤ ሳላውቅ ነው፣ በጎ አስቤ ነው፣ ምናምን። ሁሉንም ሰማችኝ። ቁጡ ሴት አይደለችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል መምህርት? እኔን አይደለም ያዋረዱት። ሃምሳ ልጅ ፊት ነው ያሳቁባት፤ ይቅርታውንም ሃምሳ ልጅ ፊት ይበሉት። ያኔ ልጄን እልካታለሁ።»

እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ስወጣ ፍራፍሬውን አንስታ እጄ ላይ መለሰችልኝ። በጨዋ ደንብ፣ በሁለት እጇ። መንገድ ሙሉ ያንን ከረጢት ይዤ ስሄድ ፊቴ ይነድ ነበር። እንደገና ያንኑ ማድረጌ ነው እኮ፤ ምን መብላት እንዳለባቸው ተሸክሜ መምጣቴ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

መጣች። እናቷ በር ድረስ አምጥታ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ቀረች።

ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ። ተማሪ ፊት ቆሜ ይቅርታ ብዬ አላውቅም። ሰሌዳውን ተደግፌ ተናገርኩ። አንድ ቀን የጓደኛችሁን ዳቦ አንስቼ ይሄ ምሳ ነው ወይ ብያችሁ ነበር። ምሳ ነበር። እናቷ ሌሊት ተነስታ ያዘጋጀችው ምሳ ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ እናንተንም ያሳቅኋችሁ እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት፣ በስሟ ጠርቼ።

ማንም አልሳቀም። ፕሮፌሰር መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ። እሷ መስኮቱን ታይ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እኔ አልዞረችም። ኮሪደሩን ሳይ እናቷ ሄዳለች።

ከዛሬ ጀምሮ የማንንም ልጅ ምሳ ዕቃ አልከፍትም፣ አንገቴን አስግጌም አላይም። ለራሴ ምያለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 25

አሁን ምሳ የምበላው ከእነሱ ጋር ነው። የመጀመሪያው ቀን ልጆቹ እኔን ከበው ተመለከቱኝ። ምን ይዣለሁ? ዳቦና ሻይ! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማረፊያ ክፍል ውስጥ ዳቦ በሻይ ስበላ ኖሬ ነው የሰው ልጅ ዳቦ ላይ ቀይ ስለጥፍ የከረምኩት። ማንም አልፈተሸኝም፤ እኔን ማን ይፈትሻል?

ዘበኛው ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ካሮት ተክሏል። ለልጆቹ እንንቀል ስለው አትጨርሱብኝ እንጂ አለ። ዛሬ እነሱው ነቀሉ፣ እነሱው አጠቡ፣ ግማሹን ጭቃ ዩኒፎርማቸው ላይ አደረጉት። ቆራርጠን በትልቅ ሰሃን መሐል ላይ አኖርን። የፈለገ ያነሳል፣ ያልፈለገ ይተዋል። ማንም አይጻፍም። ያ ከረሜላ በዳቦ የሚበላው ልጅ ሦስት ጊዜ አነሳ። አንዷ ቀምሳ መለሰችው፤ ይሁን። ፕሮፌሰር ለመጀመሪያ ጊዜ ብርቱካን ልጦ በላ። ይጎመዝዛል አለ፣ ቢሆንም ጨረሰው።

ባዶ የሚያመጡት ሰባቱ አሁንም አሉ። እነሱ በእውነት የላቸውም። ከዘበኛው ካሮትና ከጓደኛ ዳቦ ይበላሉ፣ ግን ይሄ መፍትሔ ነው? ዳይሬክተሩን ስጠይቀው በጀት የለም ይላል። ለካርቶን በጀት ነበረ!

ሚጢጢ ደወሉ ሲደወል ምሳ ዕቃዋን በሹራቧ ሥር ደብቃ ትወጣለች። ታንከሩ ጀርባ ትሄዳለች። ትመለሳለች። ውስጡ ምን አለ? አለበት? የለበትም? አላውቅም። አላይም ብያለሁ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 3

የወላጆች ስብሰባ። ስለ ሱቋ ተነስቼ ተናገርኩ። ያቺ የቤቴን ድስት ማን ክፈቺ አለሽ ያለችኝ እናት ከኋላ ተነስታ፣ መምህርቷ ልክ ናት፣ ልጄ ከረሜላውን እዚህ ነው የሚገዛው እንጂ ቤቴ ከረሜላ የለም አለች። እኔ ደግሞ ቤቷን ነበር የሰደብኩት። ሌሎችም ተከተሏት። ዳይሬክተሩ እናየዋለን አለ። የትኛውን ነው የምታየው? የከፈትካት አንተ! ከአሁን ወዲያ በየስብሰባው እነሳለሁ። እስኪሰለቸው።

ሌሎቹ ክፍሎች ውስጥ ሰንጠረዡ ተሰቅሏል። በእኔው ሕግ። ከነነጩ። የአራተኛ ክፍሏ መምህርት ግን ዛሬ በጆሮዬ፣ እኔ ዝም ብዬ ሁሉንም አረንጓዴ ነው የምለጥፈው አለችኝ። አቀፍኳት።

ታንከሩ ጀርባ... አሁንም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 11

ያለ ወቅቱ ዝናብ ነበር። ማንም ወደ ውጭ መውጣት አልቻለም።

ደወሉ ሲደወል ሚጢጢ በሩ ጋ ሄዳ ዝናቡን አየች። ቆመች። ብዙ ቆመች። እኔ ዳቦዬ ላይ አቀርቅሬያለሁ፣ ቀና አላልኩም። ከዚያ ተመልሳ መጥታ የመጨረሻው ዴስክ ላይ፣ ጫፉ ላይ ተቀመጠች። ጀርባዋን ለእኔ ሰጠች። ክዳኑ ሲከፈት ሰማሁት።

ሹሩባዋ ከአንገቷ ጋር ዝቅ ከፍ ሲል ብቻ ነው የሚታየኝ። ልጆቹ ይንጫጫሉ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ምን እንደያዘች አላየሁም። ዳቦ ይሁን፣ ስኳር ይሁን፣ ካሮት ይሁን። ጊዜ ወስዳ፣ አንድ በአንድ፣ እስከ መጨረሻው በላች።